ብረቱ ከዛቢያው እንዳይወልቅ

ሙሴ በዮርዳኖስ ማዶ ለሕዝቡ ሕጉን ሲደግምላቸው አንድ የጫካ አደጋ ያነሳል። በዘዳግም 19 ተጽፏል። ሁለት ባልንጀሮች እንጨት ሊቆርጡ አብረው ጫካ ይገባሉ። አንደኛው ዛፉን ሊመታ ምሳሩን ሲሰነዝር ብረቱ ከዛቢያው ወልቆ ጓደኛውን ያገኘዋል፤ ሰውየውም ይሞታል። በመካከላቸው ትናንትም ከትናንት ወዲያም ጠብ አልነበረም። ሕጉ ይህን ሰው እንደ ነፍሰ ገዳይ አይቆጥረውም። ከደም ተበቃዩ አምልጦ ወደ መማፀኛ ከተማ እንዲገባ ይፈቅድለታል፤ መንገዱም አስቀድሞ እንዲሰናዳ ያዝዛል።

የዛሬው ትምህርታችን ከዚያ ምሳር ይነሳል። ዛቢያ አስገብቶ ለማያውቅ ጀማሪ ሥራውን ከአሮጌው ዛቢያ መውጣት ጀምሬ አሳያለሁ፤ ሕጉንም ጎን ለጎን እናነባለን። አንዱን የእጅ ሥራ፣ ሌላውን የነፍስ ጉዳይ ብላችሁ አትለያዩአቸው። ሙሴ ራሱ አልለያያቸውም።

መጀመሪያ ሕጉን እንይ። ያ ሰው ምሕረት ያገኘው ለምንድን ነው? ብረቱ እንደሚወልቅ ስላላወቀ ነው። ይህ ነጥብ ክብደቱ የሚታወቀው ከሌሎች ሁለት ሕጎች አጠገብ ሲነበብ ነው። ዘጸአት 21 ስለሚዋጋ በሬ ይናገራል። በሬው ሰው ወግቶ ቢገድል በሬው ይወገራል፤ ባለቤቱ ነጻ ነው። በሬው ግን ቀድሞም ተዋጊ ከነበረ፣ ለባለቤቱም ተነግሮት ሳይጠብቀው ከቀረ፣ ባለቤቱም በነፍሱ ይጠየቃል። በሬው ያው፣ አወጋጉም ያው፤ ፍርዱን የለወጠው ባለቤቱ ማወቁ ነው። ዘዳግም 22 ደግሞ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ያዝዛል፤ ሰው ከዚያ ቢወድቅ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን።

ሦስቱን አንድ ላይ ሳነባቸው የምደርስበት ይህ ነው፦ ምሳሩ ድንገት ለወለቀበት ሰው የመማፀኛው ከተማ ክፍት ነው፤ ምሳሩ እንደሚነቃነቅ እያወቀ ሰው አጠገቡ ቆሞ ሳለ የሚሰነዝር ግን ወደ በሬው ባለቤት ተጠግቷል። ሕጉ ስለ ላላ ምሳር ይህን በቃል አልጻፈም፤ ድምዳሜው የእኔ ነው፤ ሆኖም ከሕጉ መንፈስ የራቀ አይመስለኝም። የአገራችን ሕግም መንገዱ ተመሳሳይ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰውን መግደልን ሆን ብሎ ከመግደል ይለየዋል፤ ያለ ቅጣት ግን አይተወውም። እኛም በጸሎታችን በማወቅም ባለማወቅም የሠራነውን ይቅር በለን እንላለን። እንግዲህ ከመሥራታችን በፊት አስተውለን ማወቅ የምንችለውን ነገር ባለማወቅ ውስጥ ልንደብቀው አይገባም።

ምሳር ደግሞ ከመውለቁ በፊት ይናገራል። ዛቢያውን በአንድ እጅ፣ ብረቱን በሌላው ያዙና ወዲያና ወዲህ ነቅንቁት። ትንሽ እንኳ ቀጭ ካለ ላልቷል። ከላይ በኩል እንጨቱ ከብረቱ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ተመልከቱ፤ የፀጉር ያህል ክፍተት ወይም አዲስ የእንጨት ብናኝ ካለ ላልቷል። ከብረቱ ሥር ዛቢያው ላይ ስንጥቅ ካለማ ምንም ጥያቄ የለውም፤ አዲስ ዛቢያ ያስፈልገዋል። ይህን ካያችሁና ከሰማችሁ በኋላ ተነግሯችኋል።

አሁን ወደ ሥራው። አሮጌውን ዛቢያ ለማውጣት ብዙ ሰው ብረቱን እሳት ውስጥ ይጥለዋል። እንጨቱ ይነድና ቀዳዳው ባዶ ይሆናል፤ ነገር ግን ምሳሩም አብሮ ይበላሻል። አንጥረኛው ስለቱን ካጋለው በኋላ በድንገት አቀዝቅዞ አጠንክሮታል፤ ቀጥሎም እንዳይሰባበር በመጠኑ መልሶ አሙቆታል። ይህ ጥንካሬ ሙቀቱ ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጥቂት ሲያልፍ መላላት ይጀምራል። የተወለወለ ብረት ሲሞቅ መጀመሪያ የገለባ መልክ ይይዛል፣ ቀጥሎ ቡናማ ይሆናል፣ ወደ 300 ዲግሪ ሲጠጋ ሰማያዊ ይሆናል። የምድጃ ፍም ከዚህ እጅግ ይበልጣል። እዚያ ውስጥ የቆየ ምሳር ቢሞረድም ወዲያው ይዶለዱማል፤ የዶለዶመ ብረት ደግሞ፣ መክብብ በምዕራፍ 10 እንደሚያስተውለው፣ ከሠራተኛው ብዙ ኃይል ይጠይቃል። በኃይል የሚሰነዘር ምሳር ሲስት የሚያደርሰውን እናንተው ታውቁታላችሁ።

ስለዚህ ዛቢያውን ከብረቱ ሥር በመጋዝ ቁረጡት። ብረቱን በሁለት ወፍራም ጉማጆች ላይ አስቀምጡ፤ ቀዳዳው መካከል ላይ ክፍት ሆኖ ይቅር። ዛቢያው የተቆረጠበትን ጎን ወደ ላይ አድርጉና ከቀዳዳው ጠበብ ያለ ብረት ይዛችሁ በመዶሻ ምቱት፤ የቀረው እንጨት በገባበት ሳይሆን በአናቱ በኩል ይወጣል። ሽብልቅ አናቱን ስላሰፋው በገባበት አይመለስም። እምቢ ካለ በመሰርሰሪያ ሦስት አራት ቦታ ብሱት፤ ይላላል። ከዚያ የቀዳዳውን ውስጥ ከዝገት አጽዱ፤ ከታች በኩል የቀዳዳው ከንፈር ስለታም ከሆነ በሞረድ አለስልሱት። ያ ስለት ሳይነካ ከቀረ አዲሱን ዛቢያ በየምቱ እየበላ ከሥሩ ይቆርጠዋል።

እንጨት ስትመርጡ አትቸኩሉ። ከአገራችን ዛፎች ለዛቢያ የምመርጠው ወይራን ነው፤ ከባድ ነው፣ ጠጣር ነው፣ ምት ይችላል። ክትክታም ቀጥ ያለና ለመያዣ የሚበቃ ውፍረት ያለው ከተገኘ ለቀላል መሣሪያ ይሆናል። ባሕር ዛፍ በየደጁ ስለሚገኝ ብዙ ዛቢያ ከእርሱ ይሠራል፤ በደንብ ከደረቀ ያገለግላል፣ ግን ሲደርቅ መጠማዘዝና መሰንጠቅ ያበዛል። ጽድ ለቤት ምሰሶና ለአጥር እንጂ ለምሳር ዛቢያ አይሆንም፤ በቀላሉ ይፈለጣል። ዋንዛም ለሣጥንና ለበር ያማረ እንጨት ነው፤ ምት አይወድም።

ከዛፉ ዓይነት ይልቅ የጅማቱ አካሄድ ይበልጣል። እንጨቱ ላይ ከጫፍ ጫፍ የሚሄዱትን መስመሮች በጣታችሁ ተከተሉ። መስመሩ ከአንዱ ጫፍ ተነስቶ ሌላው ጫፍ ከደረሰ ጥሩ ነው፤ መንገድ ላይ በጎን በኩል ካመለጠ አንድ ቀን በዚያው ቦታ ይሰበራል። ለዚህ ነው በመጋዝ ከተሰነጠቀ ጣውላ ይልቅ በሽብልቅ የተፈለጠ እንጨት የሚሻለው፤ ፍልጥ የራሱን ጅማት ተከትሎ ይከፈላል። ቅርንጫፍ የወጣበት ቦታ በተለይ ከብረቱ ሥር እንዳይውል ተጠንቀቁ። የእንጨቱን ጫፍ ስታዩ የዕድገት ቀለበቶቹ ከለዩላችሁ፣ አቅጣጫቸው ከምሳሩ ስለት ጋር እንዲሄድ አድርጋችሁ አስተካክሉት።

መድረቁ ግን ከሁሉ ይበልጣል። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ በወርዱ ይኮማተራል። ዛሬ በመዶሻ ተመትቶ በጭንቅ የገባ እርጥብ ዛቢያ ከጥቂት ሳምንት በኋላ በቀዳዳው ውስጥ ይንቀሳቀሳል፤ ሽብልቁም አብሮ ይላላል። እንጨቱን ከሚፈለገው ወፈር አድርጋችሁ ፍለጡ፣ ሁለቱን ጫፎች ሰም ወይም ሞራ ቀቡ፤ ጫፉ ቀድሞ ደርቆ እንዳይሰነጠቅ ነው። ፀሐይ በማያገኘው፣ ነፋስ በሚዞርበት ቦታ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ አኑሩት። የተለመደው ግምት ለየ2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ያህል ነው። ይህ ረዘመ የሚል ሰው ካለ፣ ዛሬ ሁለት ሦስት ፍልጥ ጣሪያ ሥር ያኑርና ለአሁኑ ሥራ ከሌላ ሰው የደረቀ እንጨት ይግዛ። በእርጥብ እንጨት አትጀምሩ።

ቀጥሎ ማስገባቱ ነው፤ ትዕግሥት የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያ ቀዳዳውን ተመልከቱ። የዶማ ቀዳዳ ብዙ ጊዜ በአናቱ ሰፊ፣ በታች ጠባብ ነው፤ ዛቢያው ቀጭን ጫፉ ቀድሞ ከላይ ገብቶ ወፍራም ጫፉ እዚያው ይይዛል። ዶማ ሲሰነዘር ብረቱ ወደ ውጭ ስለሚጎተት በራሱ ይጠብቃል፤ ሽብልቅም አይሻም። ገበያ ላይ የሚገኘው የፋብሪካ ምሳር ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀዳዳው መካከሉ ጠበብ፣ ሁለቱ አፎቹ ሰፋ ያሉ ናቸው። ዛቢያው ከታች ይገባል፤ አናቱን የሚያሰፋው ሽብልቅ ነው። ጀማሪ የሚሳሳተው ሁለቱን አንድ አድርጎ ሲያይ ነው።

የምሳሩን ቀዳዳ አፍ እንጨቱ ጫፍ ላይ አስቀምጣችሁ በእርሳስ ዙሪያውን ሳሉት። ከዚያ መስመር ትንሽ ወጣ ብላችሁ በቢላዋና በሞረድ ጥረቡ። አሁን አንድ ቁራጭ ከሰል አንሱና የቀዳዳውን የውስጥ ግድግዳ በደንብ ቀቡ። ዛቢያውን አስገብታችሁ ቀስ ብላችሁ መታ መታ አድርጉት፤ መጥበቅ ሲጀምር አውጡት። እንጨቱ ላይ ጥቁር ነጥቦች ታያላችሁ። ብረቱ የነካው እነዚያን ቦታዎች ብቻ ነው፤ ሌላው አልነካም። ሞረዱን በጥቁሩ ላይ ብቻ አሳልፉ፣ ሁለቴ ሦስቴ፤ ከዚያ በላይ አይሁን። ከሰሉን መልሳችሁ ቀቡ፣ አስገቡ፣ አውጡ፣ እዩ። መጀመሪያ ጥቁሩ በሁለት ሦስት ቦታ ይሆናል፤ ወደ መጨረሻው ዙሪያውን ይሸፍናል። ዙሪያው ሲጠቁር እንጨቱ ብረቱን በሁሉም በኩል ይዞታል ማለት ነው። ይህን ሥራ በምት ብዛት ለማሳጠር የሚሞክር እንጨቱን ይጨፈልቀዋል፤ የተጨፈለቀ ጅማት ደግሞ ጉልበት የለውም።

ለመጨረሻው ማስገቢያ መዶሻውን ብረቱ ላይ አታሳርፉ። ዛቢያውን ብረቱ ወደ ታች ሆኖ በአየር ላይ አንጠልጥላችሁ ያዙትና የዛቢያውን የላይ ጫፍ በእንጨት መዶሻ ምቱት። ብረቱ ከባድ ስለሆነ ባለበት ይዘገያል፤ እንጨቱ ወደ ውስጡ ይነዳል። ለማያምን አሳዩት፤ በየምቱ ብረቱ በዛቢያው ላይ ሲወጣ በዓይን ይታያል። እንጨቱ ከአናቱ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ብቅ ሲል አቁሙና ዛቢያውን ከጫፉ በአንድ ዓይን ተመልከቱት፤ ስለቱና የዛቢያው መካከል በአንድ መስመር መሆን አለባቸው። ጠሞ ከገባ አውጥታችሁ አስተካክሉት፤ ከሽብልቅ በኋላ ማረም አይቻልም።

ለሽብልቁ የሚሆነውን ስንጥቅ ዛቢያው ለመጨረሻ ጊዜ ከመግባቱ በፊት አውጡለት፤ ከአናቱ ጀምሮ በመጋዝ፣ በቀዳዳው ርዝመት አቅጣጫ፣ ጥልቀቱ የቀዳዳውን ሁለት ሦስተኛ ያህል። ሽብልቁ ከደረቀ ጠንካራ እንጨት ይሁን፣ ወርዱ ስንጥቁን ከጫፍ ጫፍ ይሙላ፣ ጫፉ ስል ሆኖ ቀስ እያለ ይወፍር። ድንገት የሚወፍር ሽብልቅ ግማሽ መንገድ ላይ ይቆምና ተመልሶ ይዘላል። ጥቂት የእንጨት ኮላ መቀባት ይቻላል። በቀላሉ ደጋግማችሁ ምቱትና ጆሮ ስጡት፤ ሲጀምር ድምፁ የፈዘዘ ነው፣ ቦታውን ሲሞላ ጠንከርና ቀጠን ይላል። ድምፁ ሲለወጥ በቃ። የተረፈውን በመጋዝ ቁረጡ፤ ከብረቱ ጋር እኩል ሳይሆን ሦስት አራት ሚሊ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ። ያ ከፍታ ከቀዳዳው በላይ ተዘርግቶ ብረቱን ይከለክላል።

የማጭድና የቢላዋ እጀታ ጉዳይ አጭር ነው። ወደ እንጨቱ የሚገባውን ቀጭን ብረት አግሎ እያቃጠሉ ማስገባት የቆየ ዘዴ ነው፤ ስለቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉትና ከጫፉ በቀር ምንም እንዳይሞቅ ጠብቁ። መጀመሪያ በመሰርሰሪያ ከብረቱ ጠበብ ያለ ቀዳዳ ማውጣት እንጨቱን ከመሰንጠቅ ያድነዋል።

አንድ ልማድ ግን ዝም ብዬ አላልፈውም። ምሳር ሲላላ ብዙ ሰው ውኃ ውስጥ ይዘፈዝፈዋል። እንጨቱ ያብጣል፣ ብረቱ ይጠብቃል፣ ሰውየውም ደስ ብሎት ወደ ሥራው ይሄዳል። ነገር ግን እንጨቱ ሲያብጥ ብረቱ መሄጃ ስለሚከለክለው በገዛ ኃይሉ ጅማቱን ይጨፈልቃል። ሲደርቅ ከመጀመሪያው ይልቅ ይቀጥናል፤ ማታ የጠበቀው ምሳር ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ላይ ይላላል። በዚህ መንገድ የጠበቀ ምሳር ባለቤቱን ጠብቋል ብሎ ያሳምነዋል፤ ስለዚህ ከላላው ይልቅ ይህኛውን እፈራዋለሁ።

ከውኃ ይልቅ ዘይት ስጡት። የተልባ ዘይት እንጨት ውስጥ ገብቶ ስለሚደርቅ ለዛቢያ ተስማሚ ነው። በጨርቅ ቀቡ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ይጠጣ፣ የተረፈውን ጥረጉ፤ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ድገሙ። አናቱን፣ ሽብልቁ የሚታይበትን ቦታ አትርሱ፤ እርጥበት የሚገባውም የሚወጣውም በዚያ ነው። እዚህ ላይ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለኝ፦ በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨብጦ ወይም ተከምሮ ከቀረ ሲደርቅ በራሱ ይሞቃል፤ ክብሪት ሳይነካው ሊቃጠል ይችላል። ጨርቁን ደጅ ላይ አንድ በአንድ ዘርግታችሁ አድርቁት፤ ወይም ውኃ ውስጥ ክተቱት። ይህንንም ከዛሬ ጀምሮ አወቃችሁ።

ዘይቱ እስኪደርቅ ወደ ንባባችን እንመለስ። ሙሴ ለመማፀኛ ከተማነት ከዮርዳኖስ በምሥራቅ በኩል ቦሶርን፣ በገለዓድ ያለችውን ራሞትንና ጎላንን ለየ፤ ኢያሱ ደግሞ በምዕራብ ቃዴስን፣ ሴኬምንና ኬብሮንን። ሳያውቅ የገደለ ሰው ከእነዚህ በአንዱ ይኖራል። ነገር ግን እንደ ልቡ አይወጣም፤ ዘኍልቁ 35 እንደሚለው ሊቀ ካህናቱ እስኪሞት በዚያ ይቆያል፤ ሊቀ ካህናቱ ሲሞት ወደ ርስቱ ይመለሳል። እዚህ ላይ ልብ በሉ። ሰውየው ክፋት አልነበረበትም፤ የፈሰሰው ደም ግን እንዳልፈሰሰ አልተቆጠረም። ይቅርታውና ስደቱ አብረው ሄዱ፤ ነጻነቱም ከሊቀ ካህናቱ ሞት ጋር ታሰረ። የዕብራውያን መልእክት በምዕራፍ 6 እኛን ለመጠጊያ የሸሸን ብሎ ሲጠራን፣ ወዲያው ደግሞ ኢየሱስን ለዘለዓለም ሊቀ ካህናት ብሎ ሲያሳየን፣ ቤተ ክርስቲያን በእነዚያ ከተሞች ውስጥ የክርስቶስን ሞት ማየቷ ከዚህ የተነሳ ነው።

ሁለተኛው ንባብ 2ኛ ነገሥት 6 ነው። የነቢያት ልጆች ቦታ ጠቧቸው ቤት ሊሠሩ ወደ ዮርዳኖስ ወረዱ። አንደኛው ግንድ ሲቆርጥ የምሳሩ ብረት ወንዝ ውስጥ ወደቀ። የጮኸው ስለ ብረቱ ዋጋ ብቻ አልነበረም፤ ምሳሩ የተዋሰው ነበር። ነቢዩ ኤልሳዕ የወደቀበትን ቦታ ጠየቀ፣ እንጨት ቆርጦ ጣለበት፣ ብረቱም ተንሳፈፈ። በ2ኛው መቶ ዘመን ሰማዕቱ ዮስጢኖስ ከአይሁዳዊው ትሪፎን ጋር ስላደረገው ክርክር በጻፈው መጽሐፍ ያ እንጨት የመስቀሉ ምሳሌ መሆኑን አስተምሯል። ቅዱስ ሄሬኔዎስም መናፍቃንን በተቃወመበት መጽሐፉ በአምስተኛው ክፍል ይህንኑ ወስዶ ያሰፋዋል፦ መጥምቁ ዮሐንስ በዛፍ ሥር ስለተቀመጠ ምሳር መናገሩን አስታውሶ፣ ብረቱን የእግዚአብሔር ቃል ምሳሌ ያደርገዋል፤ በእንጨት ምክንያት በቸልታ ያጣነውን ቃል በእንጨት ዳግመኛ አገኘነው ይላል። ሄሬኔዎስ የአዳምን ውድቀት ሲገልጽ ቸልታን ማንሳቱን ከዘዳግሙ ምሳር ጋር አንብቡት። ከእጃችን የወደቀው በክፋት ብቻ አይደለም፤ ባለመጠበቅም ነው። የተመለሰልንም በእኛ ጥንቃቄ ሳይሆን በመስቀሉ ነው። ጥንቃቄያችን ለተደረገልን ምሕረት የምንሰጠው መልስ እንጂ የምሕረቱ ዋጋ አይደለም።

ዘይቱ ከደረቀ በኋላ ምሳሩን ፈትኑት። ሰው በአቅራቢያው በሌለበት ለስላሳ ግንድ ላይ ቀስ ብላችሁ አሥር ያህል ጊዜ ምቱ፤ አናቱን ተመልከቱ። ሽብልቁ ወደ ላይ ከተገፋ መልሳችሁ ምቱት፤ ብረቱ ከቦታው ከተንሸራተተ ግን አውጥታችሁ በከሰሉ እንደገና ጀምሩ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በየጠዋቱ ነቅንቁት፤ በበጋ መግቢያ እንደገና ፈትሹት፤ ክረምት ያሳበጠውን እንጨት በጋ ይመልሰዋልና። ስትሰነዝሩም በፊታችሁም በኋላችሁም ሰው አይቁም፤ የወለቀ ብረት ወዴት እንደሚሄድ አይመርጥም።

የተዋሳችሁት ምሳር በእጃችሁ ከላላ ዘጸአት 22 ስለ ተዋሱት ከብት የተናገረውን አስቡና አጥብቃችሁ መልሱት፤ ካልቻላችሁ መላላቱን ለባለቤቱ በአፋችሁ ንገሩት። ጎረቤት ሊዋሳችሁ ሲመጣም ከመስጠታችሁ በፊት ፊቱ ላይ ነቅንቁት። ከላላ በዚያ ቀን አታውሱት፤ ሽብልቅ እስክትመቱለት ቁጭ ብሎ ይጠብቅ።